ከእግር የሚገባ ብርድ

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እግሯን ጠይቂ እንጂ! ብርድ እኮ የሚገባው ከእግር ነው። በየማለዳው እንደዚያ ጤዛ እየረገጠች ማህፀኗ እንዴት ይሙቅ? ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ማን እንግዳ ያርፋል?»

አማቷ ይህን የሚሉት ወጥ ቤት ሆነው፣ ለእህታቸው፣ በስልክ ነው። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ስልክ ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ደግሞ እንኳን የሰው ድምፅ የሰዓት ምት አያስቀርም። እሷ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ቆማለች። የተነሳችው እንደ ወትሮዋ ሮጣ ልትመለስ ነበር፤ ጫማዋን ግን አልጋው ሥር ካስቀመጠችበት አጣችው። ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ፈልጋ ስታጣው ልትጠይቅ ወደ ወጥ ቤት ስትመጣ ነው ወሬው እግሯን የያዘው። ያመማት የአማቷ ቃል አልነበረም። እሱንማ በአሽሙርም በተረትም እየተሸፋፈነ ሲመጣላት ስለኖረ ለምዳዋለች። ያመማት ባሏም እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ መቀመጡ ነው። ሻዩን ያማስላል፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ቅጭል ቅጭል ሲያደርገው ይሰማታል። እናቱ «ማህፀኗ» ሲሉ ማንኪያው ቆመ። አሁን ሊናገር ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች። ማንኪያው ትንሽ ቆየና ማማሰሉን ቀጠለ።

ነገሩ እኮ የእሷ አይደለም። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በሚስትየው በኩል ምንም እንደሌለ፣ ችግሩ በባልየው በኩል እንደሆነ፣ ተስፋውም የመነመነ እንደሆነ ረጋ ብሎ ነግሯቸዋል። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ባሏ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ መንገዱን ሙሉ ውጭ ውጩን ሲያይ መጣ። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ እጇን ያዘና «ለእማዬ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ጊዜ ስጪኝ፣ ወፌ» አላት። ወፌ የሚላት ሲወዳትም ሲያጠፋም ነው። ጊዜ ሰጠችው። ጊዜ የተሰጠው ሰው ደግሞ ያራዝመዋል እንጂ አይመልሰውም። ክረምቱ ይለፍ አለ፤ ቀጥሎ የእናቱ የዓይን ሕክምና ይለቅ አለ፤ ቀጥሎ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ይውጣ አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወው፤ እሷም መጠየቁን ተወች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። አማቷ ግን ዝም አላሉም።

ወጥ ቤቱ ሳትገባ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። ለባብሳ ስትወጣ ባሏ ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ የተገመሰ ዳቦ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የአማቷ የዓይን ጠብታ ተቀምጠዋል።

«ቁርስሽን ብይ» አሏት አማቷ፣ ከእቃ ማጠቢያው ቀና ሳይሉ።

«በቃኝ፣ እማማ።»

«እንዲህ ባዶ ሆድሽን እየዋልሽ እኮ ነው...» ብለው ጀመሩና ውሃውን ከፈቱት። የቀረውን ውሃው ጨረሰው።

ስለ ጫማው አልጠየቀቻቸውም። ማን እንደወሰደው መች ጠፋት? ጫማው እንደ ሌላው ጫማ አይደለም። ሶሉ እንደ ብስኩት የሳሳ፣ እንደ ካልሲ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ፣ ለአምስቱም ጣት አምስት ቤት ያለው ነው። ገዝታው የመጣች ዕለት አማቷ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱት። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲሉ «የሩጫ ጫማ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። አገላብጠው አዩትና «እሺ፣ ጫማውስ የታለ?» አሉ። ያን ዕለት ሦስቱም ሳቁ፤ ባሏማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሦስቱ አንድ ላይ የሳቁት ምናልባት የመጨረሻው ጊዜ ያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አማቷ የብርድን ነገር አመጡ። መጀመሪያ እንደ ምክር፣ ቀጥሎ እንደ ቀልድ፣ በኋላ እንደ ክስ።

ወደዚህ ጫማ ያመጣት ጉልበቷ ነው። ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ ጠዋትና ማታ ለሰፈሩ ሰው የሚከፈት የትምህርት ቤት ሜዳ አለ። እዚያ ወፍራም ስኒከር አድርጋ ስትሮጥ ጉልበቷ እየቆረጠማት ልትተወው ስትል፣ ጡረታ የወጡ አንዲት የስፖርት አስተማሪ፣ ሁልጊዜ በባዶ እግራቸው ሣሩን የሚዞሩት ሴትዮ፣ አስቆሟት። «ልጄ፣ መሬት ምን በደለችሽ?» አሏት። «እንዴት?» ብትል «በተረከዝሽ ትደበድቢያታለሻ! እግርሽን ወደ ፊት አትወርውሪው፤ ከሥርሽ አሳርፊው። አጠር አጠር አድርጊና ርገጪ። ጫማሽን አውልቀሽ ሞክሪው፤ ያኔ እግርሽ ራሱ ይነግርሻል» አሏት። አውልቃ አንድ ዙር ሮጠች። በማግሥቱ ባቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ደረጃ የወረደችው ብረቱን ይዛ የኋሊት ነበር። ሴትዮዋ ሳቁባት፤ «ለዘመናት ተኝቶ የኖረ ባት ነው፤ ቀስ ብለሽ ቀስቅሺው» አሏት። ቀስ ብላ ቀሰቀሰችው። ከሣሩ ወጥታ መንገድ ለመንገድም መሮጥ ስትጀምር ጠጠርና ስብርባሪ እንዳይወጋት ቀጭኑን ጫማ ገዛች። ጉልበቷ ተዋት። ግን ሌላም ነገር ሆነ። መሬቱን በእግሯ ማየት ጀመረች። የጤዛው ቅዝቃዜ፣ ፀሐይ የነካው ሲሚንቶ ሙቀት፣ የደረቀ ቅጠል፣ የአስፋልት ስንጥቅ፣ ሁሉም ከታች ወደ ላይ ይወጣላታል። ቤት ውስጥ ሁሉም እንደተበላሸ እቃ ዞር ብሎ የሚያየው ገላዋ እዚያ ሲደርስ ጤነኛ ነው፤ ያልባታል፣ ይሞቃታል፣ ይራባታል። ሳትሸማቀቅ ስለ ልጅ የምታስበውም እዚያ ብቻ ነው። ዙሩን ጨርሳ ጤዛው ላይ የራሷን ዱካ መልሳ ስታገኘው፣ ከጎኑ አንድ ትንሽ ዱካ ቢኖር ብላ ታስባለች፤ እግሯም በዚያች ቦታ ሁልጊዜ ትንሽ ቀስ ይላል።

የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው። ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት የስፌት መኪና፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የጨርቅ ጥቅል፣ ጥግ ላይ ክር የጠቀለለ ማራገቢያ ያለበት አንድ ጠባብ ክፍል ነው። አለቃዋ ረጅም ሰውዬ ነው፤ መጋረጃ ሲያሳይ ሁልጊዜ ራሱን ከኋላው ደብቆ በድምፁ ብቻ ስለሚነግድ ደንበኞቹ «መንፈስ ቅዱሱ ነጋዴ» ይሉታል። ያን ቀን ገና ቁጭ ሳትል አድራሻ ሰጣት። «ሂጂና መስኮት ለኪ። ሴትየዋ ቸኩላለች። ነገ ዛሬ የምትል አይደለችም፤ ራሷ ነገ ዛሬ ናት» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ቀልዱ የገባት በሩ ሲከፈት ነው። ሴትየዋ ከሆዷ ኋላ የቆመች ትመስላለች። አዲስ ቀለም የሚሸት ክፍል ውስጥ አስገባቻት፤ ባዶ ክፍል ነው፤ ካርቶኑ ያልተፈታ ትንሽ አልጋ ግድግዳውን ተደግፏል። ሴትየዋ በባዶ እግሯ ናት። «ይቅርታ፣ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎኛል። ባሌን ነጠላ ጫማህን ስጠኝ ብለው ሳቀብኝ» አለች። እሷ ሜትሯን ዘርግታ ወንበር ላይ ወጣች፤ ወርዱን ለካች፣ ቁመቱን ለካች። መሬት ድረስ ይውረድ አለች ሴትየዋ፤ መሬት ሲነካ ቤቱን ያሞቀዋል፣ ፊልም ላይ እንደማየው ይሁንልኝ አለች።

«መሬት ባይነካ ይሻላል» አለች እሷ፣ ከወንበሩ ሳትወርድ። «መዳህ ሲጀምር መጀመሪያ የሚይዘው መጋረጃውን ነው። ይዞ ሊነሳ ሲል ከነዘንጉ ይወርድበታል። ከመስኮቱ ደፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቅር።»

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ውይ! አየሽ፣ ልጅ ያላት ሴት እኮ ታስታውቃለች። እኔ መች አሰብኩት? ስንት ናቸው ያንቺ?»

ሜትሩ በእጇ ላይ ሸርተት ብሎ ተጠቀለለ። «የሉኝም» አለች። ሴትየዋ ደነገጠች፤ ውሃ ላምጣልሽ አለችና ግድግዳውን ይዛ ወጣች። እሷ ብቻዋን ቀረች። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። ሳታስበው አልጋው ሊቆም የሚችልበትን ቦታ በዓይኗ መረጠችለት፤ ከመስኮቱ ራቅ፣ ከበሩ ነፋስ ፈንጠር። ከዚያ ውሃዋን ጠጥታ፣ የጨርቁን ቀለም አስመርጣ፣ በሚገባ ተሰናብታ ወጣች። ደረጃው ላይ ለሚወጣ ለሚወርደው ሰው መንገድ እየለቀቀች ወረደች።

ከሥራ ስትወጣ በአንድ የስፖርት እቃ መደብር በኩል ዞረች። የድሮው ተጥሏል፤ ሌላ መግዛት ነው ብላለች በልቧ። ሻጩ ጫማውን ከመስታወት ውስጥ አወጣላት፤ ዋጋው ጨምሯል፤ የደሞዟን ሩብ ያህል ሆኗል። ደጋግማ ስታየው ሻጩ ራሱ አዘነና «እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ የዚህ ጫማ ከሶሉ ይልቅ ዋጋው ይወፍራል» አላት። ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ገና መሳቋ ነበር። አመስግና መለሰችለት። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳቁ ጠፍቶ፣ ጠዋት ያልወጣላት ነገር እየተገጣጠመ መጣ። አማቷን ምን እንደምትላቸው፣ በምን ድምፅ እንደምትላቸው፣ እሳቸው ሲክዱ ምን ብላ እንደምትመልስ አሰናዳች። ሰፈር ስትደርስ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች።

አማቷ ሳሎን ውስጥ የልጃቸውን ሸሚዝ ይተኩሳሉ። በአንድ ዓይናቸው በደንብ ስለማያዩ ኮሌታውን በጣታቸው እየዳበሱ ነው የሚተኩሱት።

«እማማ፣ ጫማዬን ምን አደረጉት?»

«የትኛውን?»

«የሩጫውን።»

ካውያውን አቁመው ቀና አሉ። «እኔ? እኔ የሰው ንብረት አልነካም። አልወደድኩትም፤ እንዳልወደድኩትም በአፌ ተናግሬያለሁ። መደበቅ ግን የኔ ሥራ አይደለም። ባልሽን ጠይቂው። ትናንት ማታ በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው አይቼዋለሁ።»

ያሰናዳችው ቃል ሁሉ ከእጇ ወደቀ። ቀኑን ሙሉ በልቧ ስትከሳቸው የዋለቻቸውን ሴትዮ ዓይን ማየት አቃታት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አማቷም መተኮሳቸውን ቀጠሉ። የካውያው እንፋሎት ፍሽ ይል ነበር። ባሏ ዳቦ በብብቱ ይዞ ሲገባ የሁለቱን ፊት አየና በሩ ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«ጫማዬ የታለ?» አለችው።

እናቱን አየ፤ ከዚያ የያዘውን ዳቦ አየ። «ቢሮ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ። እማዬ ትንሽ እስክትረጋጋ ብዬ ነው እንጂ እመልሰው ነበር። ለጊዜው ነው፣ ወፌ።»

ጊዜ። ብድግ አለች። የቤት ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። በሩን ስትከፍት የደረጃው ቀዝቃዛ አየር ገባ።

«ወዴት ነው?» አሉ አማቷ።

«ልሮጥ።»

«በባዶ እግርሽ? ሰው በሚገባበት ሰዓት? ጎረቤቱ ምን ይበል? ለሚስቱ ጫማ መግዛት አቃተው ይበሉት?» ካውያውን አስቀመጡ። «እንግዲህ አንዴ ይውጣልኝ። ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ ቁርጡን ንገሪን። እሱም ሳያረጅ ዕድሉን ይሞክር፤ እኔም ሳልሞት ዓይኔ ይይ።»

በስልክ ሲመላለስ የኖረው ነገር በመጨረሻ ፊት ለፊት መጣ። የሚገርመው፣ አልተናደደችም። እሳቸውንም አላየቻቸውም። ያየችው እሱን ነው። ዳቦውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይዞታል። ልትጮህበት አልፈለገችም፤ ልትለየውም አልፈለገችም፤ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ የናፈቀችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ዛሬም ካልመጣች መቼም እንደማትመጣ አወቀች። እሱ ዳቦውን ይበልጥ አስጠጋው። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። እሷም ዞረችና አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች።

«እማዬ» አለ ከኋላዋ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንተ የሆንከው?»

«የማልወልደው እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባትም። ሐኪሙ ለሁለታችንም ነው የነገረን፤ ባለፈው ክረምት።»

ከላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር ሲጎትት ተሰማ። አማቷ ካውያውን ከመሰኪያው ነቀሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሌላ ሐኪምስ አይታችኋል?» አሉ። አይተናል አላቸው። የተተኮሰውን ሸሚዝ መልሰው በመዳፋቸው ያለሰልሱት ጀመር። «ያኔ ልጅ ሆነህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ አንገትህ ያበጠ ጊዜ... ቶሎ አልወሰድኩህም። አባትህ ይሻለዋል ሲል...» አሉና ተዉት። ከዚያ ድንገት ወደ እሷ ዞሩ። ድምፃቸው የቁጣ ነው፣ ፊታቸው ግን አይደለም። «አንቺስ? ይሄን ሁሉ ስልሽ፣ ይሄን ሁሉ ስናገርሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽኝ?»

«እሱ እንዲነግርዎ ነው የጠበቅኩት፣ እማማ።»

አማቷ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉ። ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። በመጨረሻ «በሩን ወይ ዝጉት ወይ ውጡ፤ ነፋስ ገባ» አሉና ፊታቸውን ሸሚዙ ውስጥ ቀበሩት። ልትጠጋቸው አስባ ነበር። ግን ልቅሶአቸው ለልጃቸው ነው፤ የራሷ ደግሞ ገና አልተጀመረም። በሩን ቀስ ብላ ከኋላዋ ዘጋችው።

ሜዳው ላይ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ፀሐይ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ብትወርድም ብርሃኑ አልሄደም። ሣሩ ቀኑን ሙሉ የሰበሰበውን ሙቀት ገና ይዟል። ሮጠች። ያ ቃል የተነገረ ዕለት ሸክሟ ሁሉ የሚወርድ ይመስላት ነበር፤ ከላባ ቀልዬ እሮጣለሁ ትል ነበር። ቀሏታል፤ አዎ፣ አንድ ነገር ከትከሻዋ ወርዷል። ከሥሩ ግን ሌላው፣ የመጀመሪያው፣ እውነተኛው የልጅ ናፍቆት ጉልበት አግኝቶ ቀና አለ። እሱን ማንም ሊናገርላት፣ ማንም ሊክሳት አይችልም ነበር። እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም፤ ፊቷን ነፋሱ ያደርቀዋል ብላ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር ሮጠች።

ባሏ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ስትደርስበት ጎንበስ ብሎ የቢሮ ጫማውን ማሰሪያ እየፈታ ነው። ካልሲውን አወለቀ፣ ሱሪውን አጠፈ። ያ ዘወትር በጫማ የኖረ እግሩ ነጭና ለስላሳ ነበር፤ ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ስለ ጫማው ይቅርታ ጠየቃት፤ ስለ ሌላውም ሊቀጥል ሲል «ተወው አሁን» አለችው። እንዴት ነው የሚሮጠው ሲላት፣ ዛሬ መሮጥ ይቅርብህ፣ እግርህ አያውቅም፣ እንራመድ አለችው። ጎን ለጎን ተራመዱ። ጠጠር ስትወጋው «ወይኔ!» ብሎ በአንድ እግሩ ዘለለ፤ ክንዷን ያዘ፤ ከያዘም በኋላ አለቀቀም።

ግማሽ ዙር ያህል እንደሄዱ፣ «ወፌ» አላት። «ቢሆንልን ኖሮ... ወንድ ነበር የምትፈልጊው ወይስ ሴት?»

ቆመች። ከሐኪሙ ቤት ከወጡ ጀምሮ ስለ ልጅ እንዲህ በአፍ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። እሷ ከተጠየቀችው ጥያቄ ይልቅ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሁለቱም አንዱን ነገር ለየብቻቸው ሲናፍቁ መክረማቸው ነው የገረማት።

«ሴት» አለችው።

ጥቂት እርምጃ ሄደ። «እኔም» አለ። ቀጥሎም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስምም አውጥቼላት ነበር።»

«ማን ብለህ?»

ነገራት። በከንፈሯ ብቻ፣ ድምፅ ሳታወጣ ደገመችው። ጥሩ ስም ነበር።